የሱብሂ አዛን በቀትር

ድምፅ ነበረኝ። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ይምሰለው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ በሰፈራችን መስጂድ አዛን የማሰማው፣ ሰዉን ለሶላት የምጠራው እኔ ነበርኩ። በቀረው ሰዓት ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴም ሱቄም አንድ ነው፤ በፊተኛዋ ክፍል የእግር መኪናዬን እረግጣለሁ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ከባለቤቴ ጋር እኖራለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ መቀሴን አስቀምጬ፣ ውዱእ አድርጌ፣ እጅ እግሬን ታጥቤ ወደ መስጂድ እሄዳለሁ። ድምፄ ሲወጣ ባለባጃጆቹ ሙዚቃቸውን ይቀንሱ ነበር። ሰፈርተኛው ሰዓቱን የሚያውቀው በእኔ ነበር፤ ክርስቲያኑም ጭምር።

አስሙ የመጣብኝ ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ቆላ ተወልጄ ቆላ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሙቀቱም አቧራውም ብርቄ አይደለም። አንድ በጋ ግን ማሽላ ሲወቃ ከየአውድማው የተነሳው ብናኝ ከተማው ላይ ተንሳፍፎ ሰነበተ፤ ያን ጊዜ ደረቴ ተቆለፈ። ያቃተኝ አየር ማስገባት አልነበረም፤ ማስወጣት ነው። ይህን ጤነኛ ሰው አይረዳውም። የመጣው ሁሉ አጠገቤ ቆሞ «ሳብ፣ ሳብ አድርግ» ይለኛል፤ እኔ የሳብኩትን መልሼ የማወጣበት ነው ያጣሁት።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ከደረቴ ውስጥ ሲር የሚል ቀጭን ድምፅ ነው፤ የእኔ ነው ብዬ መቀበል አቃተኝ። ባለቤቴ መጀመሪያ የሰማችው ቀን ተነስታ አልጋ ሥር ድመት ስትፈልግ ነበር። ቆይታ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ አስጠግታ ሰማችና ቀጥ ብላ ቀረች። እኔም አልጠየቅኳትም፤ ሁለታችንም ፈርተን ነበር።

ሆስፒታል ሄድኩ። በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሐኪም መረመረችኝና አስም ነው አለች። ሁለት በአፍ የሚሳቡ መድኃኒቶች ሰጠችኝ፤ ሰማያዊው ሲያፍነኝ የምወስደው ነው፣ ቡናማው ደግሞ ቢያመኝም ባያመኝም በየቀኑ። ለጊዜው የሚዋጡ ሁለት ዓይነት ክኒኖችም ጨመረችበት። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ደስታዬ ግን ቤት እስክደርስ ነው የቆየው።

ለሌላው ሰው መድኃኒት የሆነው ለእኔ ሌላ በሽታ ሆነ። ሰማያዊው ደረቴን ይከፍተዋል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወዲያው እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤም ደረቴን ጥሶ ሊወጣ ይደልቃል። ልብስ ሰፊ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃተው ምን ቀረው? አንዱን ክኒን ስውጠው ያስመልሰኛል። ሌላው እንቅልፌን ነቅሎ ወሰደው። አይኔ ፈጦ ያደርና ቀን ላይ መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ስል፣ የሰፋኋቸው ጀለቢያዎች ከተሰቀሉበት ሲተነፍሱ አያለሁ። በግልጽ ነው የማየው፤ ደረታቸው ይነፋል፣ ይሟሽሻል። በሩን ብዘጋውም ያው ነው። አንድ ቀን አልቻልኩምና ሁሉንም አውርጄ አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኳቸው፤ ባለቤቴ ገብታ «ምነው፣ ሱቁን ዘጋኸው እንዴ?» አለችኝ። ልብሶቹ አስቸገሩኝ አልላት ነገር።

ቡናማው ግን ከሁሉም የከፋ ነበር፤ ምክንያቱም በደንብ ይሠራል። እሱን መውሰድ ስጀምር ሲርሲርታው ጠፋ፣ ደረጃ ስወጣ አላለከልክም፣ ልብሶቹም ልብስ ሆኑ። ከሳምንታት በኋላ ምላሴና ጉሮሮዬ ላይ ነጭ ነገር ወጣብኝ። ድምፄ ሻከረ። አዛን ላይ ከፍ ብዬ መሄድ ያለብኝ ቦታ ስደርስ ድምፄ እየተሰበረ መውረድ ጀመረ። መስጂድ ውስጥ ማንም ምንም አላለኝም፤ ያ ነው የባሰብኝ።

ሐኪሟ ጋ ተመልሼ ሄጄ ተቆጣሁ። ሴትዮዋ ትዕግሥተኛ ናት። አንድ የውሃ ፕላስቲክ አንስታ ቂጡን በቢላ ቀደደችና መድኃኒቱን እዚያ ሰካችው፤ ከዚያ የፕላስቲኩን አፍ ወደ አፌ አስጠጋች።

«ጋሼ፣ በዚህ ሲስቡት ጉሮሮዎ ላይ አይቀርም፤ ወደ ሳንባዎ ይገባል። ከዚያ አፍዎን በውሃ ተጉመጥምጠው ይትፉ። ሰማያዊውንም በዚሁ ይውሰዱት፤ አንድ ጊዜ ተጭነው ቆየት ይበሉ፣ ካልበቃዎት ይድገሙ። እጅዎ ቢንቀጠቀጥም አይፍሩ፤ ያልፋል። ቡናማውን ግን ሳይነግሩኝ እንዳያቆሙ።»

«ድምፄስ?»

«ይሻሻል ይሆናል» አለች። ይሆናል የሚለውን ቃል አልወደድኩትም።

ፕላስቲኩን አፌ ላይ ደቅኜ ደንበኛ ቢያየኝ ጡጦ የሚጠባ ሽማግሌ ነው የሚለኝ። እናም አንዳንዴ እወስዳለሁ፣ አንዳንዴ እተዋለሁ። ቢሆንም ጉዳዩ ፕላስቲኩ አልነበረም፤ ይህን ያኔም አውቀው ነበር። ወይ ትንፋሼን ወይ ድምፄን መምረጥ ነበረብኝ፤ እኔ ሁለቱንም ፈለግኩ። ሁለት ዛፍ ላይ እወጣለሁ ያለ እግሩ ተሰነጠቀ ይባላል። እኔ ተረቱን ለሌላ ሰው ነበር የምተርተው።

የመስጂዱን ቁልፍ የሚይዙት፣ የሚጠርጉትና ማይኩን የሚከፍቱት አንድ አዛውንት ናቸው፤ ኻዲም እንላቸዋለን። ጆሯቸው ከበድ ይላል፣ ማንበብም አይችሉም፤ ቢሆንም አረብ አገር ያለች ልጃቸው የላከችላቸው ትልቅ ስልክ አላቸውና ከእጃቸው አትለይም። ድምፄ እየሄደ መሆኑን ከሁሉም ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው፤ በጆሯቸው ሰምተው ሳይሆን ፊቴን አይተው።

«አንተ፣ ይኼ ነገር ጨርሶ ሳይጠፋ እናስቀምጠው» አሉኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ድምፅህን ነዋ! በዚህች እንያዘው።»

የተቀዳ አዛን የሰውን አዛን እንደማይተካ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ለማስታወሻ ነው ተባባልን። ጉሮሮዬ ደህና ያደረበት አንድ ማለዳ የሱብሂን አዛን ቀዱ፣ በሌላ ቀን ደግሞ የዙህርን፣ የቀትሩን። የሱብሂው በጣም ጥሩ ነበር። ሱብሂ ላይ «አስሶላቱ ኸይሩን ሚነንነውም» የሚል አለ፤ ሶላት ከእንቅልፍ ይበልጣል ማለት ነው፤ በንጋቱ አዛን ላይ ብቻ የሚባል ነው። እሱን ያልኩበትን ቦታ ስልኳን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ደግመው ደጋግመው አሰሙኝና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ግን ቀፈፈኝ። ድምፁ የእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ አፌን ዘግቼ እዚህ ቆሜአለሁ።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ ድምፄ ፈጽሞ አልወጣ ባለ ቀን፣ ኻዲሙን ዛሬ አልችልም፣ ሌላ ሰው ይጥሩ አልኳቸውና ወደ ሱቄ ተመለስኩ። አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ወገቡን እየለካሁት ነበር። የዙህር ሰዓት ደረሰና አዛኑ ተጀመረ። ሰውየው ሰማ፤ ቀና አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ እኔ አወረደ። ሜትሩ በእጄ እንዳለ አየኝ፤ አፌን አየኝ። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው የእኔ ድምፅ ነበር፤ የትናንቱ፣ ጤነኛው።

«አንተ... እዚህ አይደለህም እንዴ?» አለኝ።

ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሻካራ ሹክሹክታ ብቻ ሆነብኝ። ሰውየው ወደኋላ ወደኋላ ብሎ ከሱቁ ወጣ። ሱሪውን እስከ ዛሬ እኔ ጋ አላሰፋም።

በጣም ተናደድኩ። ሄጄ ኻዲሙን አጥፉት አልኳቸው። «እሺ፣ እሺ አጠፋዋለሁ» አሉኝ። ስልክ ላይ ያለ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ እንደማያውቁ የገባኝ በኋላ ነው።

ያን ቀን ማታ ለራሴ ወሰንኩ። ረመዳን እየቀረበ ነበር። ከተማው በሙሉ ለተራዊህ፣ ለማታው ሶላት፣ በሚሰበሰብበት ወር በሹክሹክታ ልጠራው አልፈለግኩም። ቡናማውን መድኃኒት አቆምኩት። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ጠዋት ጠዋት ፕላስቲኩን ይዤ ወደ ጓሮ እወጣና ውሃ ብቻ ተጉመጥምጬ እመለሳለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኔ በሽታዬን ሳይሆን መድኃኒቴን ደበቅኩ።

ድምፄም ተመለሰ! ምን ያህል ደስ እንዳለኝ መናገር አልችልም። አንድ ሱብሂ ላይ ከፍ ብዬ ሄጄ ሳይሰበር ሲወርድልኝ ማይኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ባለቤቴን ግን በቀኑ እንቅልፌ ሰዓት አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታዳምጠኝ አገኛት ጀመር። «ያ ነገር ተመልሷል» አለችኝ። የለም፣ ፍርሃትሽ ነው አልኳት። እኔም እሰማው ነበር። መኪናዬን እየረገጥኩ ሳቆም፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሆነ ሰው ቀጭን ትንፋሽ እየተነፈሰ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። መጋረጃውን እገልጣለሁ፤ ማንም የለም። ተመልሼ ስቀመጥ እንደገና ይጀምራል።

ባለቤቴ የእህቷ ልጅ ወልዳ ልትጠይቅ ካራቆሬ ሄደች። ስትሄድ ለጎረቤታችን አደራ ሰጠቻቸው። ጎረቤታችን ከሱቄ ጋር በግድግዳ የሚዋሰን ሱቅ ያላቸው፣ ጨውና ሳሙና የሚሸጡ ክርስቲያን ሴት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። አንደበታቸው ስለት ነው።

«ምን ብዬ እጠብቀዋለሁ? በቀን አምስቴ ይጮህ የለም እንዴ!» አሏት። «ድምፁን ከሰማሁ ደህና ነው፤ ካልሰማሁ ሄጄ አየዋለሁ። አንቺ በሰላም ግቢ።»

ሦስታችንም ሳቅን።

ጥር ሊያልቅ ሲል ነው። ማሽላው እየተወቃ ነበር፤ ከቆላው በኩል የተነሳ ደረቅ ነፋስ ገለባውንና ብናኙን እያመጣ አስፋልቱ ላይ ያንከባልለዋል። ቀትር ሲሆን ከተማው ጭር አለ። ልጅ ሆነን በዚህ ሰዓት ከቤት አትውጡ፣ የቀትር ጅን ይመታችኋል ይሉን ነበር። ወደ መስጂድ ለመሄድ ውዱእ ላደርግ ከመጋረጃው ጀርባ ጎንበስ አልኩ፤ ቀና ማለት ግን አልቻልኩም።

ከዚያ በፊት ታፍኜ አውቃለሁ። ይህ ግን ሌላ ነበር። ደረቴ ሙሉ ነው፤ አንዲትም ትንፋሽ አትወጣም፣ አንዲትም አትገባም። ሰማያዊው መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ነበር። ደርሼበት አንድ ጊዜ ተጫንኩት፤ እጄ ሲርበተበት ከእጄ ወደቀና ከአልጋው ሥር ተንከባለለ። እኔም ወደቅኩ። እትዬን ልጣራ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። በግድግዳው በኩል የሚዛናቸው ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኛል። ያን ያህል ቅርብ ናቸው። በእግሬ ግድግዳውን ልመታ ሞከርኩ፤ እግሬ አልታዘዘኝም።

አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ ዛሬ አዛን ሳይሰማ ሲቀር እትዬ ይመጣሉ። ትንሽ ብቻ ልቆይ። ከመሞት መሰንበት ብዬ ጉንጬን ሲሚንቶው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ሲርሲርታው እንኳ ቆሞ ነበር። ሐኪሟ በኋላ እንደነገረችኝ ክፉው ምልክት እሱ ነው፤ ድምፅ የሚያሰማ አየር ሲጠፋ ነው ሰው የሚሞተው።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ እኔ አዛን ማሰማት ጀመርኩ።

«አላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር።» ከላይ፣ ከመስጂዱ ማጉያ፣ በቆርቆሮው ላይ እያለፈ መጣ። ድምፁ ቸኩሎ አያውቅም። አየር የተረፈው ሰው ድምፅ ነው፤ በቃልና በቃል መካከል አረፍ ይላል፣ ይስባል፣ ሲስብም በማይኩ ይሰማል። እኔ መሬት ላይ ሆኜ ያንን አየር ሲስብ ሰማሁት። ጠላሁት። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም። እዚያ ላይ ያለው ሰውዬ ትንፋሼን ይዞብኝ የሄደ መሰለኝ፤ በረጅሙ በተነፈሰ ቁጥር የእኔ ይቀንሳል። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ እትዬ ለአንዲት ደንበኛ ጨው ሲሰፍሩ ይሰማል፤ «ይኸው ደህና ነው ሰውዬው» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። አንዴም ሳይነሱ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ መጨለም ጀመረ። አዛኑ ቀጠለ፤ ወደ ሶላት ኑ አለ፣ ወደ ስኬት ኑ አለ። ሊያልቅ ነው። ካለቀ በኋላ እኔን የሚፈልግ የለም። ያኔ ድምፁ በመጨረስ ፈንታ ወደ ሌላ ቦታ ከፍ አለ።

«አስሶላቱ ኸይሩን ሚነንነውም።»

ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ቆርቆሮው እየተንጣጣ፣ የንጋቱ ቃል። እዚያው ሞቻለሁ ብዬ አመንኩ። ሰው ቀብር ውስጥ ሲነቃ የሚሰማው ይህን ይሆናል አልኩ በልቤ፤ እንዲህ ነው የሚነጋው፣ በራስ ድምፅ ነው የሚቀሰቅሱት። ውጭ ያለው ነገር ሁሉ ዝም ብሎ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት መንገድ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ባለበት ቆሟል፤ ባጃጅ ያቆመ አለ፣ ሰዓቱን ያየ አለ፣ አንዱ አዛውንት ደግሞ ፀሐይዋን ቀና ብለው አይተው «አዑዙ ቢላህ፣ አላህ ይጠብቀን» ብለው ወደ ቤታቸው ገብተዋል።

ከግድግዳው ማዶ ሚዛኑ ወደቀ። «እንዴ! አበደ እንዴ ይኼ ሰውዬ?» አሉ እትዬ። «ይቺ የጠዋት ናት!»

ከዚያ ነጠላ ጫማቸው ሲሮጥ ሰማሁ። ወደ መስጂድ እየሄዱ ነበር አሉ፤ በበሬ ሲያልፉ ሱቁ ክፍት ሆኖ ሰው የለበትም፣ የአንገት ሜትሬ መኪናው ላይ ተንጠልጥሏል። ያለ ሜትሬ ጓሮ ድረስ እንኳ እንደማልሄድ ያውቃሉ። መጋረጃውን ገለጡ።

የጮሁት ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሴትየዋ ግን ብልህ ናቸው፤ ባለቤቴ ስታደርግ አይተው ነበርና አልጋ ሥር በደረታቸው ተኝተው ሰማያዊውን አወጡ፣ ፕላስቲኩ ላይ ሰክተው አፌ ላይ ደቀኑት፣ ተጫኑ፣ ጠበቁ፣ ደግሞ ተጫኑ። «ተንፍስ! በማርያም ተንፍስ!» ይሉኛል። እኔ በልቤ ያ አላህ እላለሁ። ከመካከላቸው ማን እንደሰማኝ አላውቅም፤ የሆነ ቦታ ላይ እንደ ክር የቀጠነ አየር ወጣልኝ። ባጃጅ ተጠራና ለሦስት ተሸክመው ከተቱኝ። እትዬ ሱቃቸውን ክፍት ትተው ነው የመጡት።

ሆስፒታል አፍንጫዬ ላይ ኦክስጅን ተደረገልኝ፣ እንደ እንፋሎት የሚሳብ መድኃኒት በጭንብል ሰጡኝ፣ በመርፌም ወጉኝ። ሰው መሆኔን ሳውቅ ሐኪሟ አጠገቤ ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ ቡናማውን መቼ ነው ያቆሙት?» አለች። አቁመዋል ወይ አላለችም።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ከእግሬ ሥር የተቀመጡት እትዬ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለእኔ የሚስማማውን ቀስ ብለን እንፈልጋለን አለችኝ። የሚያስመልሰኝን ክኒን ጨርሼ እንድተው፣ እንቅልፍ የሚነሳኝን ለአጭር ጊዜ ብቻና በጠዋት እንድውጠው፣ ቡናማውን ግን በሚበቃኝ ትንሹ መጠን፣ በፕላስቲኩ፣ ሳላቋርጥ እንድወስድ። አውድማ በሚወቃበት ሰሞን አፍና አፍንጫዬን እንድሸፍን፣ ጭስ ካለበት ቤት እንድርቅ። ሁሉንም በትዕግሥት ነገረችኝ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት።

«እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል» አለች። «አልዋሽዎትም፣ ጋሼ። ግን ያለ ቡናማው ሌላ ቀን እንዲህ ሆነው ቢመጡ ላንደርስልዎ እንችላለን።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። አፍሬ አይደለም የዞርኩት፤ ሐኪሟ ደግ ስለነበረች ነው፤ ደግ ሰው ፊት ማልቀስ ይከብደኛል።

ኻዲሙ በማግስቱ መጡ። ስልኳን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ስቀር ከባለቤቴ ጋር ካራቆሬ የሄድኩ መስሏቸው፣ ሰዓቱም ስላለፈባቸው ከፈቱት፤ ጣታቸው ከታች ያለውን የዙህሩን ሳይሆን ላይኛውን፣ የሱብሂውን ነካ። ጆሯቸው ነውና የትኛው እንደወጣም አልሰሙም።

«እኔ ነኝ የገደልኩህ» አሉኝ።

«አንቱማ ነዎት ያዳኑኝ» አልኳቸው። ሁለቱም እውነት ነበር። ትክክለኛውን ከፍተውት ቢሆን እትዬ ጨዋቸውን ሲሰፍሩ እኔ ሲሚንቶ ላይ አልቄ ነበር።

ነርሷን ስልኩ ላይ ያለውን እንድታጠፋልኝ ለመንኳት። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ነካችውና ድምፄ ክፍሉን ሞላው። ታማሚው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ከጎኔ የተኙት ሰው ሰዓቱ ደርሶ እንደሆነ ጠየቁ። አቁሚው ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ከዚያ አጥፊው አልኳት፤ ሁለቱንም አጠፋች።

ቤቴ ተመለስኩ፣ መድኃኒቴንም ያዝኩ። በፕላስቲኩ እስባለሁ፣ እጉመጠመጣለሁ፣ እተፋለሁ፤ ደንበኛ ቢያየኝም ግድ የለኝም። ጉሮሮዬ ላይ ነጩ ነገር ተመልሶ አልወጣም፣ ድምፄ ግን እንደሻከረ ቀረ። አዛኑን ሌላ ሰው ያዘ፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ድምፁ መካከለኛ ነው።

ረመዳን ሊገባ ሲል፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ አዛኑን የያዘው ሰው ጉዳይ ገጥሞት ደብረ ሲና ወጣ። ኻዲሙ መጥተው በሬ ላይ ቆሙ። ተነስቼ ሄድኩ። ማይኩን ያዝኩና ባለኝ ድምፅ የዙህርን አዛን አሰማሁ። ከፍ የሚባልበት ቦታ ላይ አልወጣሁም፤ በዝቅታ አለፍኩት። መሃል ላይ ድምፄ ተቆርጦ ነበር፤ ጠብቄ ቀጠልኩ። ትንፋሼ ግን በቃኝ፤ እስከ መጨረሻው በቃኝ። ሰግጄ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ብዙም ሳልቆይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት የቀሚሳቸው ጠርዝ ተተርትሮ ገቡ። ከቀወት ገጠር ለገበያ የመጡ ናቸው፤ አይቻቸው አላውቅም። እንደቆሙ ስሰፋላቸው ወደ መስጂዱ አቅጣጫ አዩ።

«የኔ ወንድም፣ ያ ሰውዬ ሞተ አይደል?» አሉኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«አዛን የሚለው ነዋ! ገበያ በመጣሁ ቁጥር እሱን ነበር የምሰማው። መልኩን አላውቀውም፤ ድምፁን ግን ቤቴ ስገባም ይዤው ነው የምገባ። ዛሬ የተጣራው ሌላ ነው። ይኼኛውንም አላህ ይቀበለው፤ ጉሮሮው ግን አንጀት ይበላል።»

«አሞት ነበር» አልኩ።

«ወላሂ ልቤ ነግሮኛል! ሰው በደህናው እንዲያ ያለ ድምፅ ጥሎ አይሄድም።» እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ ይርሐመው። ቀብሩን ያስፋለት። ኑር ያድርግለት።»

እኔ ነኝ፣ አለሁ ልላቸው ነበር። ግን በየትኛው ድምፅ ብነግራቸው ያምኑኛል? ጨርቃቸውን እንደያዝኩ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ታውቀው ነበር?» አሉኝ።

«አብረን ነበር የኖርነው» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። ጠጋ ብለው ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። «እንግዲያ አንተንም አላህ ያጽናህ፣ ልጄ» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ አሚን አልኩ።